አልማዝና እንከኗ

እስቲ የምታውቋቸውን አልማዞች ቁጠሩ። አክስት አልማዝ፣ ጎረቤት እትዬ አልማዝ፣ የጓደኛ እናት አልማዝ… እኔ ብዙም ሳላስብ አራት ደርሻለሁ። ለልጆቻቸው ይህን ስም ካወጡት ወላጆች መካከል ድንጋዩን በዓይኑ ያየ ስንት እንደነበረ እንጃ! ምን ሊሉ እንደፈለጉ ግን ሁላችንም ይገባናል። የምታበሪ፣ የማትሰበሪ፣ እንከን የማይወጣልሽ ሁኚ ነው ምርቃቱ። ቃሉ ራሱ በዓረብኛ በኩል አድርጎ ከግሪኩ «አዳማስ» የመጣ ነው። «የማይበገር» እንደማለት።

እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ እንከን ስላለበት አልማዝ ነው። እንከኑም እንዲያው ዝም ብሎ እንከን አይደለም። ተመራማሪዎች በጣም ቀጭን መርፌ ጫፍ ላይ አስቀምጠውት የቁሶችን ገጽ እየዳበሰ የማግኔት ምስጢራቸውን ያነብላቸዋል። የሚለየውም ከጸጉራችን ውፍረት በሺህ እጥፍ ገደማ የሚያንስ ነገር ነው። ስሙ ሲከብድ «የኳንተም ሴንሰር» ይባላል። ሲቀል ደግሞ አንዲት ጉድለት ናት።

የዚህ መሣሪያ ታሪክ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከ2008 ነው፤ ከአሜሪካው ሃርቫርድና ከጀርመኑ ሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።) ውሸት አይደለም። ነገር ግን ታሪክን ከየት እንጀምር የሚለው ጥያቄ ማን ይመስገን የሚለውንም አብሮ ይወስናል። ስለዚህ ከተፈቀደልኝ ትንሽ ወደ ኋላ ሄጄ ከራሳችን አህጉር ልጀምር።

ንጹሑ ድንጋይና ቆሻሻው

በ1871 በደቡብ አፍሪካ ኪምበርሊ ተብላ በተሰየመችው ቦታ አልማዝ ተገኘና ምድሩ በቆፋሪ ተጥለቀለቀ። በ1888 ዲ ቢርስ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርዱት ጥቁር ሠራተኞች ከ1880ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ እንዲኖሩ ተገደዱ። ኮንትራታቸው እስኪያልቅ መውጣት የለም። ሲወጡም ድንጋይ ደብቀው እንደሆነ ሰውነታቸው ሳይቀር ይበረበራል። እነዚህን ሰዎች ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እንመለስባቸዋለን።

በ1905 ደግሞ ከፕሪቶሪያ ብዙም በማይርቅ ማዕድን ማውጫ 3,106 ካራት የሚመዝን ድንጋይ ወጣ። በእኛ ሚዛን ከ600 ግራም በላይ ማለት ነው። ከሊናን ተባለ። በ1908 አምስተርዳም ውስጥ ተቆረጠና ትልቁ ቁራጭ፣ 530 ካራቱ፣ በእንግሊዝ ነገሥታት በትር ላይ ተሰካ። ይኸው እስከ ዛሬ ለንደን ውስጥ በመስታወት ተከልሎ ይጎበኛል።

ከሊናንን ያስከበረው ግዙፍነቱ ብቻ አልነበረም፤ ጥራቱም ነው። አልማዝ ካርቦን ነው። አብዛኛው የተፈጥሮ አልማዝ ግን ከምድር ሆድ ሲወጣ ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል። ናይትሮጅን አንዳንዱን ድንጋይ ቢጫ ያደርገዋል፤ ቢጫነት ደግሞ (በጣም ደማቅ ካልሆነ በቀር) ዋጋ ይሰብራል። ከሊናን ናይትሮጅን የለውም ቢባል ይቀላል። እንከን የለሽ!

የሚገርመው ነገር ሳይንቲስቶች ራሳቸው ይህ ልዩነት ከምን እንደሚመጣ ለረጅም ጊዜ አላወቁም ነበር። በ1934 ሮበርትሰን፣ ፎክስ እና ማርቲን የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች አልማዞች ብርሃን በሚያሳልፉበት መንገድ በሁለት ወገን እንደሚከፈሉ አሳዩ። ምክንያቱ ናይትሮጅን መሆኑ የታወቀው ግን ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ በሠሩት በካይዘርና በቦንድ ጥናት ነው። እስከዚያ ድረስ «ቆሻሻው» ስም እንኳን አልነበረውም።

ጆሃንስበርግ፣ 1965

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ እንግባ። ጆሃንስበርግ የሚገኘው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ (በአጭሩ «ዊትስ» ይሉታል) የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው በ1896 ኪምበርሊ ውስጥ ከተከፈተ የማዕድን ትምህርት ቤት ነው። የአልማዝ ጉድጓድ የወለደው ትምህርት ቤት ማለት ነው። ስለዚህ የአልማዝን ውስጠ ምስጢር የሚመረምሩ ፊዚሲስቶች እዚያ መገኘታቸው አያስደንቅም።

በ1965 በዚሁ ዩኒቨርሲቲ አንድ የዶክትሬት ጽሑፍ ቀረበ። የዱ ፕሪ ጽሑፍ ነው። ርዕሱ በአልማዝ ውስጥ ስላሉ ጉድለቶች ነበር። ዛሬ የዘርፉ ሰዎች ስለዚህ እንከን ሲጽፉ ወደ ኋላ ቆጥረው የሚጠቅሱት ይህን ጽሑፍ ነው። በ1976 ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ውስጥ ዴቪስና ሃመር የእንከኑን ብርሃን በዝርዝር መረመሩ፤ የሞገድ ርዝመቱ 637 ናኖሜትር ከሆነ ቀይ ብርሃን ጋር የተያያዘ ነው። በ1977 ደግሞ እዚያው ዊትስ ውስጥ ሎብሰርና ፋን ቬይክ የተባሉ ተመራማሪዎች ትልቁን ነገር አሳተሙ። ይህ እንከን ብርሃን ሲበራበት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች በዘፈቀደ መሆናቸውን ትተው በአንድ ወገን ይሰለፋሉ።

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት የኋላውን ሁሉ የተሸከመችው። በብርሃን ብቻ ልናሰልፈው የምንችል ነገር ከሆነ፣ በብርሃን ልንጠይቀውም እንችላለን ማለት ነው።

ጊዜውን ልብ በሉልኝ። በሰኔ 1976 በዚያችው ከተማ አጠገብ፣ በሶዌቶ፣ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው ወጥተው በጥይት ተቆልተዋል። በ1959 የወጣው የአፓርታይድ ሕግ ደግሞ ጥቁር ተማሪ ያለ ሚኒስትር ፈቃድ ዊትስ ውስጥ እንዳይመዘገብ ይከለክል ነበር። የአልማዙን እንከን ማጥናት የተቻለባት ከተማ ይህችው ናት። ሁለቱንም እውነት አንድ ላይ መያዝ ይኖርብናል። ሥራው ድንቅ ነበር፤ በሩ ግን ለሁሉም አልተከፈተም።

ባዶዋ ወንበር

ለመሆኑ እንከኑ ምንድን ነው? ወንበሩ ሁሉ የተያዘበት ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ አስቡ። ተቀማጮቹ በሙሉ ካርቦን ናቸው። አንዱ ወንበር ላይ ግን ናይትሮጅን የሚባል እንግዳ ተቀምጧል። ከእንግዳው አጠገብ ያለችው ወንበር ደግሞ ባዶ ናት። በቃ፣ ይኸው ነው! እንግዳና ባዶ ወንበር። በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ «ኤንቪ» ይባላል። በሰው እጅ ለመሥራት ናይትሮጅን ያለበትን አልማዝ በኤሌክትሮን ጨረር ይደበድቡታል፤ ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ። ከዚያ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲያሞቁት ባዶዎቹ ወንበሮች እየተንሸራተቱ ሄደው ናይትሮጅን አጠገብ ያርፋሉ።

በባዶዋ ወንበር ዙሪያ የሚገኙት ኤሌክትሮኖች «ስፒን» የሚባል ባሕርይ አላቸው። እንደ ጥቃቅን ኮምፓስ ቁጠሯቸው። አረንጓዴ ሌዘር ስታበሩባቸው ቀይ ያበራሉ። 2.87 ጊጋኸርዝ የሆነ የማይክሮዌቭ ሞገድ ስትልኩባቸው ደግሞ ስፒናቸው ይገለበጥና ቀዩ ብርሃን ትንሽ ደብዘዝ ይላል። (ቤት ውስጥ ወጥ የምናሞቅበት ማይክሮዌቭ 2.45 ጊጋኸርዝ ነው፤ ጎረቤታሞች ናቸው።) በአካባቢው ማግኔት ካለ ያቺ 2.87 የነበረችው ቦታዋን ትለቅና ለሁለት ትከፈላለች። ሬዲዮ ስትፈልጉ ጣቢያው ከቁጥሩ ፈቀቅ ብሎ እንደምታገኙት ማለት ነው። ምን ያህል ፈቀቅ እንዳለ ከለካችሁ የማግኔቱን ጉልበት አወቃችሁ። በእያንዳንዱ ሚሊቴስላ 28 ሜጋኸርዝ ይሸሻል። ይህን ቁጥር ፋብሪካ አያወጣውም፤ ተፈጥሮ ራሷ የያዘችው ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ በተራ ክፍል ሙቀት ይሠራል። ብዙ የኳንተም መሣሪያዎች ከዜሮ በታች ከ200 ዲግሪ በላይ ካልቀዘቀዙ አይታዘዙም። የአልማዝ ድርድር ግን ጠንካራና ጸጥተኛ ነው። አብዛኛው ካርቦን በአስኳሉ ውስጥ ማግኔት የለውም፤ ረባሹ ካርቦን 13 ከመቶ 1.1 ያህል ብቻ ነው። በ2009 ይህንንም ቀንሰው ባሳደጉት አልማዝ ውስጥ እንከኑ የኳንተም ሁኔታውን ለ1.8 ሚሊሰከንድ ይዞ ቆየ። ለእኛ ቅጽበት፣ ለኤሌክትሮን ዕድሜ ልክ!

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። «እንከን ውበት ነው» የሚለውን ጥቅስ ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ እጄ ተዘርግቶ ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። እንከኑ የሚናገረው ሰፈሩ ጸጥ ሲል ነው። በቆሻሻ መሀል ያለ እንከን ጫጫታ ብቻ ነው።

መርፌው

ሁለተኛው የታሪኩ ክር ዙሪክ አጠገብ ካለ የአይቢኤም ላብራቶሪ ይጀምራል። በ1981 ቢኒግና ሮረር በቀጭን መርፌ የቁስን ገጽ አቶም በአቶም የሚዳስስ ማይክሮስኮፕ ሠሩ፤ በ1986 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉበት። በዚያው ዓመት ቢኒግ ከኳትና ከገርበር ጋር ሆኖ ሌላ መሣሪያ አስተዋወቀ። «የአቶሚክ ኃይል ማይክሮስኮፕ» ይባላል። የሸክላ ማጫወቻን መርፌ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። መርፌዋ በገጹ ላይ ስትሄድ ከፍና ዝቅ ትላለች፤ ያ ከፍና ዝቅ ተመዝግቦ ሥዕል ይሆናል።

የመጀመሪያዋ መርፌ ከምን እንደተሠራች ታውቃላችሁ? በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ከተጣበቀ የአልማዝ ስባሪ! ወርቅና አልማዝ፣ እንደ ሙሽራ ቀለበት። ያኔ አልማዙ የተፈለገው ለጥንካሬው ብቻ ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም።

በ1987 ደግሞ የማግኔት ጫፍ ያላት መርፌ መጣች። የሐርድ ዲስክን ገጽ ለማየት ጠቃሚ ሆነች። ግን አንድ ችግር ነበረባት፤ ራሷ ማግኔት ስለሆነች የምታየውን ነገር ትረብሸዋለች። የተኛን ሕፃን ተኝቷል ወይ ብሎ እየጮኸ እንደሚጠይቅ እንግዳ። ስስ የሆኑ ማግኔቶችን ስታይ የምታየው እነሱን ይሁን የራሷን ጉዳት አይታወቅም። እናም የሚያስፈልገው ጠያቂ ድምፁ ዝግ ያለ ነበር።

ሁለቱ ሲገናኙ

በ1997 በምሥራቅ ጀርመን ከተማ በኬምኒትስ (እስከ 1990 ድረስ ካርል ማርክስ ሽታት ትባል ነበር) እነ ግሩበርና ቭራክትሩፕ አንዲት ነጠላ ኤንቪን ለይተው በማይክሮስኮፕ አዩ፤ ስፒኗንም በክፍል ሙቀት ለኩ። ከዚያ በፊት የሚታየው የብዙ እንከኖች ድምር ብርሃን ነበር። አሁን አንዷ ብቻዋን፣ በስሟ ተጠርታ ቀረበች።

በ2005 በአሜሪካ ሎስ አላሞስ የሚሠሩት ቸርኖብሮድና በርማን ብርሃን የሚሰጥ ስፒን በመርፌ ጫፍ ላይ ቢቀመጥ የማግኔት ማይክሮስኮፕ ይሆናል የሚል ሐሳብ በጽሑፍ አቀረቡ። ከዚያም የታወቀው 2008 መጣ። የሃርቫርዱ የሉኪን ቡድንና የሽቱትጋርቱ የቭራክትሩፕ ቡድን በኔቸር መጽሔት ላይ ጎን ለጎን ውጤታቸውን አወጡ። የሽቱትጋርቶቹ በጣም ደቃቅ የአልማዝ ቅንጣት መርፌ ጫፍ ላይ አጣብቀው ማግኔት «አዩ»።

ማጣበቁ ግን አስተማማኝ አልነበረም። በ2012 ሃርቫርድ ውስጥ ማለቲንስኪና ባልደረቦቹ መርፌዋን ራሷን ከአልማዝ ቀረጿት። ውፍረቷ 200 ናኖሜትር ገደማ የሆነች ዓምድ፣ ከጫፏ ጥቂት ናኖሜትሮች ገባ ብላ አንዲት ኤንቪ። ዓምዷ መርፌም ናት፣ የብርሃን ቧንቧም ናት። በ2013 ይኸው ወገን በክፍል ሙቀት የአንዲት ኤሌክትሮንን ማግኔት በሥዕል አሳየ። አንዲት ኤሌክትሮን!

ምን ታየ?

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ የ2017 ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል በ1970 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ስለ አንቲፌሮማግኔቶች ተናግሮ ነበር። እነዚህ ቁሶች ውስጣቸው ማግኔት የሞላ ነው፤ ግን ጎረቤትና ጎረቤት ተቃራኒ ስለሚቆሙ ከውጭ ሲታዩ ባዶ ይመስላሉ። ኔል ለንድፈ ሐሳብ ማራኪ ቢሆኑም ጥቅም ያላቸው አይመስልም ብሎ ነበር። በ2017 በፈረንሳይ የሚሠራ ቡድን የአልማዝ መርፌዋን ቢስመት ፌራይት በተባለ ቁስ ላይ አስኬደ። ባዶ የሚመስለው ገጽ ላይ በየ70 ናኖሜትር ገደማ የሚደጋገም የማግኔት ሞገድ እንደ ጥበብ ጥለት ተዘርግቶ ተገኘ። ሁልጊዜም እዚያው ነበር። የጎደለው ዝግ ብሎ የሚጠይቅ ብቻ ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች እነዚህን ቁሶች በውጭ ማግኔት በቀላሉ የማይጠፋ መረጃ ማስቀመጫ ለማድረግ ይደክማሉ። በ2019 ደግሞ ባዝል ውስጥ ጥቂት የአቶም ድርብ ብቻ ውፍረት ያላቸው የክሮሚየም አዮዳይድ ማግኔቶች በዚሁ መንገድ ተለክተዋል።

ጉዱ ሁሉ ተፈታ እያልኩ አይደለም። መርፌዋ ቀርፋፋ ናት። በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ብርሃን እስክትሰበስብ ቆማ ትጠብቃለች፤ አንድ ሥዕል ደቂቃዎች፣ ሲብስም ሰዓታት ይፈጃል። ኤንቪዋ ወደ ጫፉ በቀረበች ቁጥር በደንብ ታያለች፤ ግን የአልማዙ ገጽ ራሱ ይበጠብጣታል።

እንግዲህ ማን ተጠቀመ?

በ2017 ኩናሚ የተባለ ኩባንያ ከባዝል ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ተቋቋመ፤ እነዚህን የአልማዝ መርፌዎችና ማይክሮስኮፖች ለገበያ አቅርቧል። የሚጠቀሙበት አልማዝ ከኪምበርሊ የመጣ አይደለም። ከሚቴን ጋዝ ላብራቶሪ ውስጥ የሚያድግ ነው፤ የናይትሮጅኑ መጠን እንዲቆጠር። ስለዚህ በታጠረው ግቢ ውስጥ የኖሩት ሰዎች ልጆች በዚህ ንግድ ውስጥ ድንጋይ አቅራቢ እንኳን አይደሉም። ይህ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሳይንሱ ያንን ድንጋይ አልፈለገም። ግን ታሪኩን ከ2008 ስንጀምረው የሚጠፋው ነገር ይህ ነው። ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ የተወለደው ትምህርት ቤት፣ የትምህርት ቤቱ በር፣ ከበሩ ውጭ የቀሩት።

የዊትስ ሰዎች በ1977 ያሳተሙት ነገር መሣሪያ ለመሆን 31 ዓመት ፈጀበት። እኛ ሀገር የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያቀረበ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ምን ይጠቅማል?» ተብሎ ነው። እኔም ተጠይቄያለሁ፤ የሚጠቅም የሚመስል መልስም ፈጥሬ ሰጥቻለሁ። ዛሬ ብጠየቅ የ1965ቱን ጽሑፍ እጠቅሳለሁ። ዋጋ ስለሚሰብር ቆሻሻ የተጻፈ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፣ ሰው ተመልሶ እስኪመጣ የጠበቀ። ባይጻፍ ኖሮ የሚመለስበት ነገር አይኖርም ነበር።

ከሊናን ዛሬም ለንደን ውስጥ መስታወት ተከልሎ ይታያል። እንከን የለውም፣ ሥራም የለውም። ባለ እንከኗ አልማዝ ግን በዚህች ሰዓት የሆነ ላብራቶሪ ውስጥ አረንጓዴ እየበራባት፣ ቀይ እየመለሰች፣ ባዶ የተባለን ገጽ ቀስ ብላ እየዳበሰች ነው።

እትዬ አልማዝን ሳገኛቸው ይህን እነግራቸዋለሁ።

ሰላም ሁኑ።